አቡነ ቴዎፍሎስና የቆሎ ተማሪው አኮፋዳ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ጧት በፍኖተ ሰላም ከቤታችን ደጃፍ አንድ ልጅ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ከዐሥራ አንድ አያልፍም። ደበሎ ለብሷል፤ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቷል፤ በእጁም የውሻ መከላከያ በትር ይዟል። ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ለመነ። እኔ ወደ መዝሙር ጥናት እቸኩል ስለ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ ብዬ በሩን ዘጋሁት። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ማን እንደ ነበረ ስትጠይቀኝ ነገርኋት። ወዲያው ከመሶቡ እንጀራ አንሥታ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ ልጁ ግን በቡሬ መንገድ ሄዶ ከዓይን ጠፍቶ ነበር። ያን ቀን እስከ ማታ አላነጋገረችኝም።

የጽሑፍ ክፍላችን የአንድ ታላቅ አባት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ይህ ነገር ከልቤ ስላልወጣ የደብረ ኤልያሱን ልጅ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ታሪክ መረጥሁ።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ጀንበሬ ይባል ነበር። ደብረ ኤልያስ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም፤ ከደምበጫ በታች ወደ ዓባይ በኩል ይገኛል። በሩቅ ያለ ሰው አገሩን የሚያውቀው በቅኔ ጉባኤው ነው። መልእክቱም ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚያው በተወለዱበት ደብር ነው።

እንዲህ ባለ አገር የሚያድግ ልጅ በየቀኑ የሚያየውን እናስብ። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋና ከትግራይ የመጡ ልጆች፣ ብዙዎቹም ከወላጆቻቸው ተደብቀው የወጡ፣ በመምህሩ ግቢ ዙሪያ የሣር ጎጆ እየቀለሱ ይቀመጣሉ። የኔታ ከተማሪ ክፍያ አይጠይቁም። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮና ነግሮ ሲያበቃ አኮፋዳውን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የታመመም ቢኖር ከዚያው ይበላል፤ የተረፈውን ድርቆሽ አድርጎ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። ሌሊት ብርድ አለ፤ እከክ አለ፤ በየደጁ ደግሞ ውሻ አለ። ከእኛ መካከል የቆሎ ተማሪን ኑሮ እንደ ተረት የሚያወራ ሰው፣ በውሻ የተነከሰ እግሩን እያሰረ የሚያዜም ልጅ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገርም የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ድሃ ተማሪዎች እየለመኑ ይማሩ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1388 የወጣው ሕግ ግን፣ የሚለምን ተማሪ ከትምህርት ቤቱ አለቃ የምስክር ደብዳቤ እንዲይዝ አዘዘ፤ ያልያዘውም እንደ ሥራ ፈት ዘዋሪ እንዲቀጣ ሆነ። የጎጃም ገበሬ ግን ደበሎውን አይቶ ይሰጣል እንጂ ደብዳቤ አይጠይቅም።

በዚያው በደብረ ኤልያስ ከተማሩት መካከል ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ይገኛሉ። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምረው ከእኛ ወደ ቡሬ ስንሄድ በምናልፍባት በማንኩሳ ነው። የአብነት ተማሪን ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ያንን መጽሐፍ ያንብብ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። መልእክቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ መነኰሱም። በ1940 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ሆኑና ቴዎፍሎስ ተብለው ለሐረርጌ ተመደቡ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በታመሙባቸው ዓመታት የፓትርያርኩን ሥራ በእንደራሴነት ሠሩ፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላም በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በመንበሩ የቆዩት አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ ግን በ1964 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ ተመሠረተ። የእኛም ሰንበት ትምህርት ቤቶች በማእከል መደራጀት የጀመሩት በርሳቸው ዘመን ነው። በርሳቸው ዘመን የወሎ ረሀብም ደረሰ።

አንዳንድ ሰው ምጽዋት በጽሕፈት ቤት ሲሆን ይቀዘቅዛል ይላል። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። ነገር ግን የአኮፋዳው ምጽዋት በገበሬው ጎተራ የተንጠለጠለ ነው። ዝናም በቀረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚራበው ከሰው ደጅ የቆመው ልጅ ነው፤ የሚሰጠው ገበሬም ራሱ ይቸገራል። በቅኔ ቤት አጠገብ ያደጉ አባት ይህን ሳያዩ አይቀሩም፤ አንዱ አገር ሲራብ ከሌላው አገር እህል የሚያመጣ ድርጅት ማስፈለጉን የተረዱት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በመሬቱ ይተዳደር የነበረው የአብነት መምህር ግን ባዶ እጁን ቀረ፤ ተማሪውም ከቀድሞው ይልቅ በአኮፋዳው ብቻ የሚኖር ሆነ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በሕይወት ሳሉም ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ የት እንደ ተቀበሩም ለዓመታት ሳይነገር ቆየ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው በአዲስ አበባ ከልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንም በክብር ዐረፈ።

እናቴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ድርቆሽ እያደረቀች በከረጢት ከበሩ አጠገብ ታንጠለጥላለች። ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። በጥቅምት ሌሎች ሁለት መጡ፤ ታናሽየው ከቡሬ በላይ ካለ ገጠር እንደ ተነሣና ወደ ደብረ ኤልያስ እንደሚሄድ ነገረኝ። አኮፋዳውን የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ እናቴ ከጓዳ ሆና ታየኝ ነበር።