የበግ አርቢው ልጅና ነጎድጓድ

ክረምት ላይ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሰማዩ ሲያጉረመርም እኛ የምንሰጋው በረዶ በቆሎውን እንዳይመታው ነው። ከዚያው ደመና ከራጅ የሚበረታ ጋማ ጨረር ሊወጣ እንደሚችልስ ስንቶቻችን እናውቃለን? መንገዱን አስቀድሞ ያመለከተው ቻርልስ ዊልሰን ነው።

ዊልሰን በ1869 (እ.ኤ.አ.) ከስኮትላንድ በግ አርቢ ተወለደ፤ አባቱ የሞተበት በ4 ዓመቱ ነው። ካምብሪጅ ተምሮ እንደኛው ጥቂት ጊዜ አስተማረ። በ1895 ተራራ ላይ ሳለ ፀጉሩ ድንገት ቆመ። እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ መብረቁ አንባረቀ። (ልብ በሉ፣ ሜዳ ላይ ፀጉራችሁ ከቆመ መብረቅ ደርሷል ማለት ነው፤ ዛፍ ሥር እንዳትጠለሉ!)

ከዚያ ወዲያ ከደመና አልተላቀቀም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ደመና እየሠራ የጨረርን ዱካ የሚያሳይ መሣሪያ ፈለሰፈና በ1927 ከአርተር ኮምፕተን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ለኛ ትልቁ ነገር ግን የ1925ቱ ሐሳቡ ነው፦ የነጎድጓድ ደመና የኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖችን እጅግ ሊያስፈተልክ ይችላል። እንዲህ የፈጠነ ኤሌክትሮን ከአየሩ አቶሞች ጋር ሲጋጭ ነው እንግዲህ ጋማ ጨረር የሚወጣው።

በ87 ዓመቱ እንኳ ስለ ደመና ጥናት አሳተመ፤ በ1959 አረፈ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ የሩቅ ጠፈርን ጋማ ለመመልከት የተላከች ሳተላይት ከምድር ነጎድጓድ ሽቅብ የሚወጣ፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ የማይቆይ የጋማ ብልጭታ መያዟ ተገለጸ። ሳተላይቷ የተሰየመችው ታዲያ በዊልሰን ሳይሆን በኮምፕተን ነበር።