ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እና የዝልግልግ ነገሮች ምስጢር

የማክስዌል ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኤሌክትሪክና ማግኔት፣ ብርሃንና ሞገድ ነው። እነዚያን አራት ቀመሮች ለፈተና ያልሸመደደ የሳይንስ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ግን ሌላውን ማክስዌልን ነው፤ ጄላቲንና የዛፍ ሙጫ ይዞ የተቀመጠውን፣ አንዱ ነገር ቶሎ ሲፈስ ሌላው ለምን እንደሚንቀራፈፍ የጠየቀውን። ፖሊመር የሚባለውን ምዕራፍ ስንጀምር፣ ይህ ነገር ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ በመካከላችን መነሳቱ አልቀረም። የዚህን ሰው ሕይወት ካነበብኩ በኋላ መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል።

ማክስዌል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1831 በኤደንብራ፣ ስኮትላንድ ነው። ያደገው ግን ግሌንሌር በተባለው የአባቱ ርስት፣ በገጠር ነው። ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ በካንሰር ሞተችበት። በ10 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲላክ የገጠር አነጋገሩና አባቱ ያሠራለት ልብስና ጫማ መሳቂያ አደረጉት፤ ልጆቹ ቂል የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ከገበዝ ማርያም ወይም ከቡሬ ዙሪያ ተነስቶ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰብ እያመላለሰ የተማረ ሰው ይህ ስሜት አይጠፋውም። እርግጥ ማክስዌል የባለርስት ልጅ ነበርና ስንቅ አልተሸከመም። ስድቡ ግን ያው ስድብ ነው።

ያ ቂል የተባለው ልጅ በ14 ዓመቱ ስለ ሞላላ ቅርጾች አሳሳል አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። የተጠቀመው በክርና በመርፌ ነበር። ለአቅራቢነት ልጅ ነው ስለተባለ እ.ኤ.አ. በ1846 በኤደንብራው ሮያል ሶሳይቲ ፊት ያነበቡለት ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ናቸው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1850፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ጠጣር ነገሮች ሲጨነቁ ውስጣቸው ምን እንደሚሆን የሚያጠና ጽሑፍ አቀረበ። ለሙከራው ከዓሣ የሚገኝ ጄላቲን በሙቅ ውኃ አሟሟና አረጋው። ከዚያም የረጋውን ጄላቲን ጠመዘዘው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ፣ ፖላራይዝድ የሚባለውን ብርሃን አሳልፎ ተመለከተው። ውጥረት ባለበት ቦታ ሁሉ ቀለማት ብቅ አሉ። በዓይን የማይታየው ጭንቀት በቀለም ታየ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ማክስዌል በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ዛሬ እኛ በደንብ እናውቃለን። ጄላቲን የረጃጅም ሞለኪውሎች ክምችት ነው። ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳያስገድዳቸው እርስ በርስ እየተጠማዘዙ ይያያዛሉ፤ ቅርንጫፍ የበዛበት መረብም ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ሄርማን ስታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 የረጃጅም ሰንሰለቶችን ሐሳብ እስኪያቀርብ ድረስ ገና 70 ዓመት ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1856 ማክስዌል አበርዲን በሚገኘው ማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1858 የኮሌጁን ርእሰ መምህር ልጅ ካትሪን ዲዋርን አገባ። በ1860 ግን በከተማው የነበሩት ሁለት ኮሌጆች ሲዋሐዱ ለአንድ የትምህርት ዘርፍ ሁለት ፕሮፌሰር አያስፈልግም ተባለና ከሥራው ወጣ። አማቹ ርእሰ መምህር መሆናቸው እንኳ አላዳነውም! ወደ ለንደን ሄዶ በኪንግስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ።

ለንደን እያለ የአየርን ዝልግልግነት፣ በመምህራኖቻችን አጠራር ቪስኮሲቲውን፣ በመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ለካ። የመስታወት ዝርግ ክቦችን በሽቦ አንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ እንዲዞሩ ያደርግና አየሩ እንዴት እንደሚያቆማቸው ይከታተላል። ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ እሳቱን የምትቆሰቁሰው ካትሪን ነበረች። ስለዚህ ውጤቱ ሲነገር የእሷም ድካም አብሮ ሊነገር ይገባል እላለሁ።

ከዚህ ሥራ ተነስቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1867፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ዛሬም የምንጠቀምበትን ሐሳብ ያሳተመው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ማንኛውንም ነገር በድንገት ብንስበው መጀመሪያ እንደ ላስቲክ ይቋቋማል፤ ከዚያ ውስጡ ያለው ውጥረት ቀስ በቀስ ይላላል። ለዚህ የሚፈጀው ጊዜ የመላላት ጊዜ ይባላል። ለጊዜው የሚያሳየውን ጥንካሬ በዚህ ጊዜ ስናባዛው ዝልግልግነቱን እናገኛለን። የውኃ የመላላት ጊዜ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ውኃ ወዲያው ይፈስሳል። በፈሳሽና በጠጣር መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የጊዜ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። የጤፍ ስታርች አብዛኛው ክፍል አሚሎፔክቲን የተባለ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት ሰንሰለት ነው። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ አብሲት ሲጣል፣ ውኃና ሙቀት ስታርቹን ያሳብጡታል፤ ቀጭኑ ነገር ማማሰያ የሚይዝ ወፍራም ይሆናል። አብሽም እንዲሁ ነው። ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልገው ጋላክቶማናን የሚባለው ሰንሰለት ግራና ቀኝ አጫጭር ቅርንጫፎች አሉት።

ቅርንጫፍ ምን ለውጥ ያመጣል? ከእንጨት ክምር ውስጥ ቀጥ ያለውን አጣና መምዘዝ ቀላል ነው፤ ባላውን ለመምዘዝ ግን ክምሩ በሙሉ ይታገላል። ሰንሰለቶችም እንደዚያው ናቸው። ፒየር ዢል ደ ዠን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዳው፣ ቅርንጫፍ የሌለው ሰንሰለት በጓደኞቹ መካከል እንደ እባብ እየተሳበ ይወጣል። ረጃጅም ክንድ ያለው ግን መሳብ አይችልም፤ ክንዱን ወደ ራሱ ሰብስቦ በሌላ በኩል መዘርጋት አለበት። ክንዱ በረዘመ ቁጥር የመላላት ጊዜው በጣም እየናረ ይሄዳል። አንድ ቁጥር ብቻም አይበቃውም፤ ብዙ ጊዜያት ይደራረቡበታል።

እዚህ ላይ ነው የማክስዌል ሐሳብ አንድ መቶ ሃያ ዓመት ቆይቶ እንደገና ጎልቶ የወጣው። የአንዳንድ ሳሙናዎች ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ ራሳቸውን ሰብስበው ትል የሚመስል ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። ይህ ሰንሰለት በየጊዜው ይበጠሳል፣ ይቀጠላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ማይክል ኬትስ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ መበጠስና መቀጠሉ ከመሳቡ ከፈጠነ ያ ሁሉ የጊዜ ድርድር ተጨፍልቆ አንድ ብቻ ይሆናል። ልክ ማክስዌል እንዳለው፣ አንድ የመላላት ጊዜ! ቅርንጫፉም ጠባዩ ይለወጣል። ራሱን በሚያያይዝ ሰንሰለት ላይ መጋጠሚያው በምስማር የተመታ አይደለም፤ በሰንሰለቱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከማሰር ይልቅ ሊፈታ ይችላል። ሻምፑ ላይ ጨው ስንጨምር መጀመሪያ ወፍሮ፣ ስናበዛበት ደግሞ ተመልሶ የሚቀጥነው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አንዱ ማብራሪያ ይናገራል።

ማክስዌል ራሱ ይህን ጊዜ በዓይኑ ለማየት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1873 ባቀረባት አጭር ጽሑፍ፣ ካናዳ በለሳን የተባለውን የዛፍ ሙጫ እያማሰለ በዚያው በፖላራይዝድ ብርሃን ተመለከተው። ሲማሰል ብርሃኑ ብቅ አለ፤ ማማሰሉ ሲቆም ወዲያው ጠፋ። ሙጫው ከዓይኑ ይልቅ ፈጣን ነበር። ዘዴው ግን አልጠፋም፤ ዛሬ የፖሊመርና የሳሙና ሰንሰለቶች ሲፈስሱ በዚሁ መንገድ ይጠናሉ።

እ.ኤ.አ. በ1871 በካምብሪጅ የካቬንዲሽ ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በመጨረሻም እናቱን የገደለው ዓይነት በሽታ እሱንም ያዘው። ኖቬምበር 5 ቀን 1879፣ በ48 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በግሌንሌር አጠገብ፣ ባደገበት ገጠር ነው።

እንግዲህ ይህ ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል ላላችሁኝ ጓደኞቼ መልሴ ይኸው ነው። ማክስዌል የጀመረው ከዓሣ ጄላቲን፣ ከሙጫና ከቤት እሳት ነው፤ የእኛም ጓዳ ከዚህ አያንስም። በዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናቶቻችሁ አብሲት ሲጥሉ ሰዓት ይዛችሁ ቁሙ። በማማሰያ የተሰመረው መስመር ለመጥፋት ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? ውኃው ሲበዛስ? ሲበርድስ? ጽፋችሁ አምጡትና በትምህርት ክፍላችን እናወዳድረው።