ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከዋንጫ የበለጠ ድል

በ1968 ዓ.ም. ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር በድሬዳዋ ስታዲየም ሲጋጠሙ የአፍሪካ ዋንጫ ለአሰበ ተፈሪ፣ ለሚኤሶና ለገለምሶ ሕዝብ የጎረቤት ድግስ ሆኖ ነበር። የአህጉሩን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በዚያን ጊዜ በፕሬዚዳንትነት ይመሩ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. በአሠልጣኝነት የመሩት ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ።

የሕይወታቸው ትልቁ ትግል ግን ከሜዳ ውጭ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድነት ለማሰለፍ እንቢ በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። አቶ ይድነቃቸው በዚህ አቋም እንደ ጸኑ ኖሩ፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋም ያችን አገር ከአባልነት አስወገደ።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1988 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድነት የተሰለፉበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ለማየት አልታደሉም፤ የዘሩት ግን ፍሬ አፍርቷል።