ከእምባቦ በኋላ፦ የጎጃሙ ንጉሥና የጊቤ ሙስሊም መንግሥታት

ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ይገባል። የዛሬ 140 ዓመት ገደማ የጎጃም ገዥዎች ዓይን ከዚያ ወንዝ ማዶ ላይ ነበር። ባለታሪካችን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ የቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ተሰማ። ሙስሊም አልነበሩም። ይሁንና የአምስት ሙስሊም መንግሥታት ዕጣ ከእሳቸው ሽንፈት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ታሪካቸው እኛንም ይመለከታል።

አዳል የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ከፋን መጨመራቸው እንዲያው ለክብር ብቻ አልነበረም። ወደዚያ በሚወስደው የጊቤ ምድር ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ የኦሮሞ ሙስሊም መንግሥታት ነበሩ። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ብንደብቀው ደግሞ እውነት አይሆንምና ባሪያውም ጭምር፣ በሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች እጅ እስከ ጎጃሙ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ጊቤን ያስገበረ ይህን ሁሉ ያገኛል።

የንጉሡ የጦር አለቃ ራስ ደረሶ ማዶ ተሻግረው ግብር ሲያስገብሩ የሸዋው ራስ ጎበናም ለዚያው ጉዳይ መጡ። ፀቡ ወደ ጌቶቻቸው ዞረና በግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ገጠሙ። ጎጃም ተሸነፈ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፦ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ደቡብ ምዕራቡ ግን በምኒልክ እጅ ቀረ።

የጊቤ ነገሥታት ግብር የሚከፍሉት ለማን እንደሆነ የተወሰነው እነሱ ባልተሰለፉበት ጦርነት ነው። የጅማው አባ ጅፋር 2ኛ፣ በእናታቸው ጉሚቲ ምክር እንደሚባለው፣ ሳይዋጉ ለሸዋ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለአሥርተ ዓመታት አቆዩ። ጉማ ግን ተዋጋች፤ ብዙም ከፈለች። በእኛ እይታ የአባ ጅፋርን መንገድ ፍርሃት ብቻ ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ተክለ ሃይማኖት በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ በመሐዲስቶች ተሸነፉ። ከምኒልክ ጋር ተመሳጥረዋል በሚል አፄ ዮሐንስ ጎጃምን አስዘረፉ፤ መከራው የወረደው በገበሬው ላይ ነበር። ዓድዋ ዘምተው በ1893 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ በኋላ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፈሉት፤ ዳሞትም ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ።