ሕመማቸውን ተሸክመው የሠሩ ሰው፤ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሕይወት

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የምናነብበው እነሱ የደረሱበት ማዕርግ ሁሉ እንድንደርስ አይደለም፤ በመንገዳቸው ላይ የገጠማቸውን ችግር እንዴት እንደ ቻሉት እንድንማር ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስማቸው በዓለም ሁሉ ስለ ታወቀ፣ ሕመማቸው ግን በሕይወት ሳሉ ስለ ተሸሸገ አንድ ሰው ለመጻፍ ወደድሁ። እኒህም ሰው 35ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ፊትዝጀራልድ ኬኔዲ ናቸው። ብዙዎቻችን በፎቶግራፍ የምናውቃቸው ፈገግ ብለው፣ ፊታቸው ፀሐይ እንደ መታው ቀላ ብሎ፣ ጤና የሞላው ጐልማሳ መስለው ነው። ነገር ግን ያ ጐልማሳ በየቀኑ መድኃኒቱን ባይወስድ ኖሮ ከአልጋው ሊነሣ ባልቻለም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ኬኔዲ በሜይ 29 ቀን 1917 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ብሩክላይን በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆሴፍ ኬኔዲ ባለጠጋ ነጋዴ፣ እናታቸው ሮዝ ኬኔዲ ደግሞ የቦስተን ከንቲባ የነበሩት ሰው ልጅ ነበሩ። ከዘጠኝ ልጆች ሁለተኛው እሳቸው ናቸው። ሀብት ግን ከሕመም አላዳናቸውም። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ቆዳ የሚያቀላ የትኩሳት በሽታ ይዟቸው ለሞት ተቃርበው ነበር። በትምህርት ቤት ሳሉም ክብደታቸው እየቀነሰ፣ ሆዳቸውን እያመማቸው፣ ከክፍል ይልቅ በሕመምተኛ አልጋ ላይ የዋሉባቸው ሳምንታት ብዙ ናቸው። በ1934 ዓ.ም. በሚኔሶታ ወደሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ተልከው ብዙ ምርመራ ቢደረግላቸውም የሕመማቸው ሥር አልታወቀም። እንዲህም ሆነው ትምህርታቸውን ሳይተዉ በ1940 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በማዕርግ ተመረቁ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወገባቸው ደካማ ቢሆንም በባሕር ኃይል ለመግባት ብዙ ደከሙ፤ ተሳካላቸውም። በኦገስት 2 ቀን 1943 ዓ.ም. ሌሊት በሰሎሞን ደሴቶች አጠገብ የሚያዝዟት ፒ.ቲ. 109 የምትባለው የጦር ጀልባ በአንድ የጃፓን የጦር መርከብ ተገጭታ ለሁለት ተከፈለች። ከ13ቱ ሰዎች ሁለቱ ሞቱ። ኬኔዲ እሳት ያቃጠለውን አንድ መርከበኛ፣ የመንሳፈፊያ ልብሱን ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው እየጐተቱ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝተው ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አደረሱት። ከዚያም ሁለት የደሴቶቹ ተወላጆች አገኟቸው። ኬኔዲም በኮኮናት ቅርፊት ላይ የጻፉትን መልእክት እነዚህ ሰዎች አደረሱላቸውና በኦገስት 8 ቀን የተረፉት 11 ሰዎች ዳኑ። ከጦርነቱ የተመለሱት በጀግንነት ኒሻን ቢሆንም፣ ወገባቸው ከቀድሞው ይልቅ ታምሞ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. በ29 ዓመታቸው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በሚቀጥለው ዓመት ለጉብኝት ወደ አውሮፓ ሄደው ሳለ በሎንዶን ከተማ በድንገት ወደቁ፤ ደማቸው ዝቅ አለ፤ ኃይላቸው ሁሉ አለቀ። አንድ የሎንዶን ሐኪም መርምሮ በሽታው የአዲሰን በሽታ መሆኑን ተረዳ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ካህን ተጠርቶ፣ በካቶሊክ ሥርዓት ለሚሞት ሰው የሚደረገው ጸሎትና ቅብዐ ቅዱስ ተደረገላቸው። ለጋዜጦች የተነገረው ግን የጦር ሜዳው ወባ ተነሣባቸው ተብሎ ነበር።

የአዲሰን በሽታ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ጥቂት ልግለጽ። በሁለቱ ኩላሊቶቻችን ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እነዚህም ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞንና የሰውነትን ጨው የሚጠብቁ ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካሉ። ሰው ሲታመም፣ ሲቈስል ወይም ሲጨነቅ ሰውነቱ የሚቋቋመው በኮርቲዞል ነው። ዕጢዎቹ ሲበላሹ ሰውየው ይደክማል፤ ይከሳል፤ ጨው ጨው ይለዋል፤ ሲነሣ ያዞረዋል፤ ቆዳውም ይጠቁራል። በዚህ ላይ ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ቢጨመርበት በጥቂት ሰዓት ሊሞት ይችላል። በሽታውን በ1855 ዓ.ም. የገለጸው ቶማስ አዲሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ሆነ በስሙ ተጠራ። በአዲሰን ዘመን ብዙውን ጊዜ መነሻው የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ዛሬ ግን በበለጸጉ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላትን ትቶ የገዛ ዕጢውን ሲወጋ ነው።

ለኬኔዲ በመጀመሪያ የተደረገላቸው ሕክምና የመድኃኒት እንክብል ከጭናቸው ቆዳ ሥር በየጊዜው መቅበር ነበር። ኋላም ኮርቲዞን ተገኘ። መድኃኒቱን ያስገኙት ሦስት ሊቃውንት በ1950 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በዚያ ጊዜ ለብዙ የአዲሰን ሕመምተኞች ሞት ማለት የነበረው በሽታ፣ መድኃኒቱ በየቀኑ ከተወሰደ አብሮ የሚኖሩት በሽታ ሆነ። ኬኔዲ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ታምመው ቢሆን ኖሮ ታሪካቸው በዚያው ባበቃ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዣክሊን ቡቪየርን አገቡ። በኦክቶበር 1954 ዓ.ም. የወገባቸው ሕመም ስለ ጸናባቸው በኒው ዮርክ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። አድሬናሉ ለሞተበት ሰው እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ትልቅ አደጋ መሆኑን ሐኪሞቻቸው ያውቁ ነበር። ቍስሉ አመርቅዞ ራሳቸውን ሳቱ፤ ካህንም ዳግመኛ ተጠራ። ቢሆንም ተረፉ። በአልጋ ላይ በቆዩባቸው ወራት በ1956 ዓ.ም. የታተመውንና በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘውን፣ ስለ ስምንት ደፋር የምክር ቤት አባላት የሚናገረውን መጽሐፍ በረዳታቸው በቴዎዶር ሶረንሰን እገዛ አዘጋጁ።

በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ዕጢ፣ ማለት በአንገት ፊት ያለው ታይሮይድ፣ መድከሙ ታወቀ። ታይሮይድ የሰውነትን እሳት የሚያነድድ ዕጢ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሥራው ሲቀንስ ሰው ይበርደዋል፤ ይደክመዋል፤ ሐሳቡ ይዘገያል። በአገራችን ደጋ ታይሮይድ የሚታወቀው በእንቅርት ነው፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። ይህኛው ግን የሰውነት መከላከያ የሚያመጣው ዐይነት ነው፤ አንገቱም ሳያብጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዕጢዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው መጥፋታቸውን በ1926 ዓ.ም. የጻፈው ሽሚት የሚባል የጀርመን ሐኪም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። አድሬናሉም ታይሮይዱም ለደከመበት ሰው አስቀድሞ የታይሮይዱ መድኃኒት ብቻ ቢሰጠው፣ በሰውነቱ የቀረችው ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ ታልቅና ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው ኮርቲዞሉን፣ ከዚያ በኋላ ታይሮይዱን ይተካሉ። ድካም አንድ ቢመስልም ሥሩ ብዙ ነው፤ ሥሩን የሚለየውም የደም ምርመራ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ተቃዋሚዎቻቸው የአዲሰን በሽታ አለባቸው ብለው በይፋ ተናገሩ። የኬኔዲ ወገኖች ግን ካዱ። የክሕደታቸውም ብልሃት፣ ከሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው የጥንቱ ዐይነት የለባቸውም በሚል በጠባብ ቃል የታጠረ ነበር። ቃሉ በፊደሉ ሲታይ እውነት ነበር፤ ሰሚውን ግን ከእውነት አራቀው። በኖቬምበርም ከ120,000 በማያልፍ ድምፅ ብልጫ ሪቻርድ ኒክሰንን አሸነፉ። በጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በ43 ዓመታቸው ሥልጣኑን ያዙ።

በኋይት ሀውስ የኬኔዲ ቀን በመድኃኒት የተከፈለ ነበር። የኮርቲዞን ዐይነቶች፣ የጨው እንክብል፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ለወገብ ሕመም ማደንዘዣ መርፌ፤ ይህ ሁሉ በየሰዓቱ ነበረው። ወገባቸውን ደግፈው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በሞቀ ውሃ ይዋኙ ነበር፤ ጽሕፈት ቤታቸው ውስጥም የሚወዛወዝ ወንበር ነበራቸው። የግል ሐኪማቸው ዶክተር ጃኔት ትራቨል በዚያ ሥራ ላይ የተሾመች የመጀመሪያ ሴት ናት። ነገር ግን ሁሉም ሕክምናቸው መልካም አልነበረም። አንድ የኒው ዮርክ ሐኪም አምፌታሚን ያለበት መርፌ ይወጋቸው ነበር፤ ሌሎቹ ሐኪሞቻቸው ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ብልኅ ሰው እንኳ በድካሙ ጊዜ ፈጣን ብርታት የሚሸጥለትን ሰው ሊከተል ይችላል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ በ1961 ዓ.ም. በኩባ ላይ የተደረገው ወረራ ከሸፈባቸው፤ በኦክቶበር 1962 ዓ.ም. ግን ዓለም በአቶም ጦርነት ጫፍ ላይ በቆመችባቸው 13 ቀናት በትዕግሥት ሠርተው ጦርነቱን አስቀሩ። የሕክምና መዝገባቸውን ያነበቡት የታሪክ ጸሓፊ ሮበርት ዳሌክ ሕመማቸው ውሳኔያቸውን እንዳበላሸ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። በ1961 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1962 ዓ.ም. ከ250 በላይ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ብዙዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ከአያቶቻችንም መካከል ከእነሱ የተማሩ አሉ። በኦክቶበር 1963 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጐበኙ የተቀበሏቸው ኬኔዲ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 22 ቀን፣ ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በጥይት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው ሄደው ከብዙ መሪዎች ጋር ሬሳውን በእግር ሸኙ። ኬኔዲ ሲሞቱ ዕድሜያቸው 46 ዓመት ነበር።

የሕመማቸው ምስጢር የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው። የ1954ቱ ቀዶ ሕክምና ስማቸው ሳይጠራ በአንድ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ሕመምተኛው ማን እንደ ሆነ ታወቀ። በ2002 ዓ.ም. ዳሌክ መዝገቡን አንብበው ጻፉ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የባሕር ኃይል ሐኪም ሁለቱን በሽታዎች አያይዞ፣ ሥራቸው አንድ የሰውነት መከላከያ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ሲል አስረዳ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ምክንያት መናገር ይገባኛል። እናቴ ከአራት ዓመት ወዲህ የታይሮይድ መድኃኒት በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትወስዳለች። ሕመሟ ከመታወቁ በፊት ጐረቤት ሰንፋለች አለ፤ ዘመድ ቡዳ በልቷታል አለ። አንዱ ሻጭም የአድሬናል ድካም ነው ብሎ በውድ ዋጋ ዱቄት ሸጠላት። የዕጢ ሐኪሞች የአድሬናል ድካም የሚባለውን እንደ በሽታ አይቀበሉትም፤ የአድሬናል መጥፋት ግን እውነተኛና በምርመራ የሚታይ በሽታ ነው። የእናቴም ድካም እውነተኛ ነበር፤ ስሙን የሰጠው ግን ዱቄቱ ሳይሆን የደም ምርመራው ነው። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷው ራሷ ናት።

በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኬኔዲ ይህን ተረት በግማሽ ጠብቀው በግማሽ አፈረሱት። ከሐኪሞቻቸው አልሸሸጉም፤ በዚህም ዳኑ። ከሕዝባቸው ግን ሸሸጉ። ምርጫ እንዳያመልጣቸው ፈርተው እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም ሕዝብ መሪውን ሲመርጥ እውነቱን የማወቅ መብት ስለ ነበረው፣ እኔ ይህን ከጀግንነታቸው ጋር አልቈጥረውም። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን በዚያው በሽታ ተይዘው ተስፋ የቈረጡ ሰዎች፣ ፕሬዚዳንታቸው እንደ እነሱ ክኒን እየዋጠ አገር እንደሚመራ ቢያውቁ ኖሮ ምን ያህል በተጽናኑ ነበር!

ውድ ጓደኞቼ፣ በክፍላችንም ሁልጊዜ የሚደክመው፣ በፀሐይ ሰዓት ሹራብ የሚለብስ፣ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ተማሪ ይኖራል። ሰነፍ ከማለታችን በፊት ሐኪም አይቶት እንደ ሆነ እንጠይቀው። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ በትሕትና እለምናለሁ። ኬኔዲን ያቆማቸው ሀብታቸው ብቻ አልነበረም፤ በሰዓቱ የተወሰደ መድኃኒትና በየማለዳው እንደ ገና የመነሣት ፈቃድም ነበር። መድኃኒቱ ዛሬ አለ፤ ፈቃዱ ደግሞ በእጃችን ነው።