በእንግዳ ከተማ የታመነ ወጣት፤ የሐድሰን ቴይለር ታሪክ

ወጣት ሰው ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ታላቅ ከተማ በገባ ጊዜ ጠባዩ ይፈተናል። በአገሩ ሳለ አባትና እናት፥ ጎረቤትና ዘመድ ይጠብቁት ነበረ፤ በከተማ ግን የሚያውቀው የለምና በልቡ የተሰወረው ነገር ይገለጣል። ስለ ትምህርት ወይም ስለ እንጀራ ከአገራችሁ የራቃችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በ21 ዓመቱ ብቻውን ወደ ሻንግሃይ ከተማ የገባውን የሐድሰን ቴይለርን ታሪክ ስሙ። በዚህ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐድሰን ቴይለር በ1832 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ባርንስሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ፥ በሜቶዲስቶችም ቤተ ክርስቲያን ይሰብክ ነበረ። ልጁ ግን ከፍ ባለ ጊዜ ልቡ ከእምነት ቀዘቀዘ። በ1849 ዓ.ም. አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ሳለ ጊዜ ለማሳለፍ ብሎ ከአባቱ መጻሕፍት መካከል አንዲት ትንሽ የወንጌል ጽሑፍ አነሣ። አሳቡም በመጀመሪያ ያለውን ታሪክ አንብቦ በመጨረሻ ያለውን ምክር ለመተው ነበረ። ነገር ግን ክርስቶስ የማዳንን ሥራ ፈጽሞ እንደ ጨረሰ ባነበበ ጊዜ ልቡ ተነካ፥ በዚያው ተንበርክኮ አመነ። እናቱ በዚያው ቀን በሌላ ከተማ ሆና ስለ እርሱ አጥብቃ ትጸልይ እንደ ነበረች በኋላ ተረዳ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቻይና ሄዶ ወንጌልን ለመስበክ ቈረጠ። ነገር ግን በሩቅ አገር በእግዚአብሔር ለመታመን የሚወድድ ሰው በአገሩ ሳለ መልመድ እንዳለበት አስተዋለ። በ1851 ዓ.ም. ሐል በምትባል ከተማ ለአንድ ሐኪም ረዳት ሆነ። ሐኪሙ ሥራ የበዛበት ሰው ስለ ነበረ ደመወዙን መክፈል ይረሳ ነበረ፤ ቴይለርም ሰውን ከመወትወት ይልቅ ወደ አምላኩ መጸለይን መረጠ። አንድ ሌሊት አንድ ድኻ ሰው ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ናትና መጥተህ ጸልይላት ብሎ ለመነው። ቴይለር በኪሱ አንዲት የብር ገንዘብ ብቻ ነበረችው፤ ተመንዝራ ቢሆን ከፍሎ ሊሰጥ በወደደ ነበር። የተራቡትን ልጆች አይቶ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሲናገር ግን ገንዘቡን ይዞ መጸለይ ግብዝነት ሆኖ ታየው። ስለዚህ ሁሉን ሰጥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ከሰጠው አራት እጥፍ የሆነ ገንዘብ በፖስታ መጣለት።

በ1853 ዓ.ም. በመስከረም ወር ከሊቨርፑል ወደብ በመርከብ ተነሣ፤ ከአምስት ወር በላይ በባሕር ላይ ቈይቶ በ1854 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን ሻንግሃይ ደረሰ። ይህች ከተማ ቻይና በጦርነት ተሸንፋ በ1842 ዓ.ም. በገባችው ውል ለውጭ ነጋዴዎች ከተከፈቱት ከአምስቱ ወደቦች አንዲቱ ናት። በወደብም የሚቀበለው ሰው አልነበረም። መሸኛ ደብዳቤ ከተጻፈላቸው ሰዎች አንዱ በንዳድ ሞቶ ነበር፥ ሁለተኛው ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር፥ ሦስተኛውም ስለ ጦርነቱ ከቤቱ ለቅቆ ነበር። ዓመፀኞች የከተማይቱን ቅጥር ይዘው የንጉሡ ጭፍራ ከብቦአቸው ነበረና መድፍ ሌትና ቀን ይሰማ ነበረ። ኑሮ ከመወደዱ የተነሣ የላከው ማኅበር የሚሰጠው ደመወዝ አልበቃውም፤ የሌላ ማኅበር ሐኪም አዝኖለት ማደሪያ ሰጠው። ልቡ አብዝቶ በብቸኝነት ታወከ፥ ለቤተ ሰቦቹም ጭንቀቱን ጻፈ። እንግዲህ የእግዚአብሔር አገልጋይ አይተክዝም ብሎ ማንም አያስብ፤ ነገር ግን በትካዜው መካከል በየዕለቱ ቋንቋውን መማር አልተወም።

በ1855 ዓ.ም. ሌላ ነገር አሰበ። ሕዝቡ የፈረንጅ ልብሱን አይተው እንደ ባዕድ ይሸሹት ነበረና የቻይናን ልብስ ለበሰ፥ እንደ ሥርዓታቸውም ከግንባሩ በላይ ያለውን ጠጕሩን ተላጨ፥ ከኋላም ጕንጕን አደረገ። በከተማይቱ የነበሩ አውሮፓውያን ብዙዎቹ እንደ ተዋረደ ቈጥረው ሳቁበት። እርሱ ግን ሰዎች ቃሉን እንዲሰሙ እንጂ ልብሱን እንዲመለከቱ አልመጣም ነበርና ስድቡን ታገሠ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና በ1856 ዓ.ም. በበጋ ወራት አገኘው። በሻንግሃይ ያኖረው የሕክምና መድኃኒት በእሳት ጠፋ፤ ሌላ መድኃኒት ለማግኘት ወደ ኒንግቦ ሲሄድ አሽከሩ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ጠፋ። አልጋው፥ ልብሱ፥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያው፥ እናቱ የሰጠችው መጽሐፍ ቅዱስም አብሮ ሄደ። በአንዲት ሌሊት ማደሪያ አጥቶ ሌቦች እየዞሩበት በጣዖት ቤት ደጃፍ ደረጃ ላይ ተኛ። ወዳጆቹ ሌባውን ለዳኛ አሳልፈህ ስጠው አሉት፤ የዚያ ዘመን ወህኒ እጅግ የጨከነ እንደ ሆነ ግን ያውቅ ነበረ፥ የሰውየውም ነፍስ ከ40 ፓውንድ እንድትበልጥ አሰበ። ስለዚህ ይቅር እንዳለው፥ ንስሐም እንዲገባ የሚለምን ደብዳቤ ጻፈለት። ወደ ሻንግሃይ በተመለሰ ጊዜ ከአገሩ የመጣ 40 ፓውንድ አገኘ። ይህ ግን ይቅርታው ዋጋ የሚያስገኝ ንግድ እንደ ሆነ አያሳይም፤ ይቅር ባለ ጊዜ ገንዘቡ እንደሚመለስ አላወቀም ነበርና።

በ1857 ዓ.ም. የላከው ማኅበር በብድር ገንዘብ ደመወዝ እንደሚከፍል ተረዳ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕዳው የእኔ አይደለም ብሎ ዝም ባለ ነበር። እርሱ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ያዘዘውን አሰበና ያለ ጥል፥ ያለ ስድብ ከማኅበሩ ወጣ፤ ደመወዙንም ተወ። በማግሥቱ ከወዴት እንደሚበላ አያውቅም ነበረ።

በሐልና በሻንግሃይ የተማረው ይህ ነገር በኋላ ታላቅ ሥራ ሆነ። በ1865 ዓ.ም. የቻይና የውስጥ አገር ሚስዮን የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ ሥርዓቱም እንዳይበደሩ፥ ሰውንም ገንዘብ እንዳይለምኑ፥ የአገሩንም ልብስ እንዲለብሱ ነበረ። ኀዘን ግን አልተለየውም። በ1870 ዓ.ም. ሚስቱ ማርያ በ33 ዓመትዋ ሞተች። በ1900 ዓ.ም. በተነሣው የቦክሰሮች ዓመፅ ከማኅበሩ 58 ሰዎችና 21 ሕፃናት ተገደሉ፤ መንግሥታት ካሣ በጠየቁ ጊዜ ግን ማኅበሩ የደም ዋጋ አልቀበልም አለ። ሐድሰን ቴይለር በ1905 ዓ.ም. በቻይና በቻንግሻ ከተማ ዐረፈ፤ በዜንጅያንግም በሚስቱ አጠገብ ተቀበረ። ያን ጊዜ የማኅበሩ ሠራተኞች ከ800 ይበልጡ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቻይና ሂድ ብለን አናዝዝህም። ነገር ግን አንተም በምትኖርበት ከተማ ገንዘብ ያነሰህ ቀን፥ ባልንጀሮችህ የሳቁብህ ቀን፥ ያመንኸው ሰው የሰረቀህ ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን የምታደርገውን ነገር የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል፤ እግዚአብሔር ግን ያያል። ይህ ወጣት ስምንት መቶ ሠራተኞችን ከማሰማራቱ አስቀድሞ በኪሱ ባለችው በአንዲት ገንዘብ ታመነ። አንተም በእጅህ ባለው በትንሹ ነገር ዛሬ ጀምር።