ካርል ቦሽና የአሞኒያ ፋብሪካው

የኬሚካል ፋብሪካ በኮምፒዩተር መመራቱን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አድርገው የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። ፋብሪካን በቁጥር እየተከታተሉ የመምራት ልማድ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ለዚህም የካርል ቦሽ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቦሽ በ1874 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በበርሊን ሻርሎተንቡርግ የብረታ ብረትና የመካኒካል ምህንድስና ከተማረ በኋላ፣ በ1898 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕረግ አግኝቶ በማግሥቱ ዓመት በቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ኩባንያ ተቀጠረ።

በ1909 ፍሪትዝ ሃበር ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን አዋሕዶ አሞኒያ የሚያስገኝ አነስተኛ መሣሪያ በላቦራቶሪው ባሳየ ጊዜ፣ ይህን ወደ ፋብሪካ የማሳደጉ ኃላፊነት በቦሽ ላይ ወደቀ። ሥራው 200 ያህል የከባቢ አየር ግፊትና ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት የሚጠይቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የብረት ቱቦዎች ከ80 ሰዓት ገደማ በኋላ ፈነዱ። ሃይድሮጅኑ በብረቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን እየወሰደ ተሰባሪ ያደርገው ኖሯል። ቦሽ ግፊቱን የሚሸከመውን ጠንካራ ብረት ከውስጥ በኩል ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ሸፈነው፤ በውጭው ብረት ላይ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች አስበሳ። ሾልኮ ያለፈው ሃይድሮጅን በቀዳዳዎቹ በኩል ያለ ጉዳት ይወጣል። ከዚህ የቀለለ መፍትሔ ማሰብ ያስቸግራል።

የኦፓው ፋብሪካ በ1913 ሥራ ጀመረ። በዚያ ጋዙ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢቀላቀልበት ካታሊስቱን ይመርዘዋል። የሠራተኛ ዓይንና ልምድ ብቻውን ስለማይበቃ፣ የጋዙን ፍሰትና ቅንብር ሳያቋርጡ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተሠርተው ተተከሉ። በዘመኑ ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

ለማዳበሪያ የታሰበው ናይትሮጅን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ ዋለ። በመስከረም 1921 ደግሞ በኦፓው መጋዘን ተከማችቶ የነበረ የአሞኒየም ሰልፌትና ናይትሬት ድብልቅ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተጋገረውን ክምር በትንንሽ ፈንጂ ማላላት በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ያለ አደጋ የተሠራበት ዘዴ ነበር። ድብልቁ በአማካይ ሲታይ አደገኛ አልነበረም፤ ናይትሬቱ ግን በክምሩ ውስጥ በእኩል እንዳልተሰራጨና አንዳንድ ስፍራ እንደበዛ ይገመታል። ለመሐንዲስ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ይመስለኛል፤ የታመነው ቁጥር አማካዩ ነበር። በቀብሩ ላይ ንግግር ያደረገው ቦሽ ራሱ ነው።

በ1925 የኢ.ጌ. ፋርበን መሪ ሆነ፤ በ1931 ከፍሪድሪኽ ቤርጊዩስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አይሁድ ሳይንቲስቶች መባረራቸውን በመቃወም ሂትለርን ፊት ለፊት እንዳነጋገረው ይነገራል። ሆኖም በ1933 መጨረሻ፣ እርሱ በሚመራበት ጊዜ፣ ኩባንያው ሰው ሠራሽ ቤንዚን ለማምረት ከዚያው መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ሁለቱንም ሳይጠቅሱ ስለ እርሱ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

ቦሽ በ1940 በሃይድልበርግ አረፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ በሉዊዚያና ሉሊንግ የነበረው የሞንሳንቶ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ሥራውን እንዲቆጣጠር አደረገ፤ በኬሚካል ኢንዱስትሪም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። የሚያመርተውም አሞኒያ ነበር።